ከጎንደር ሆኖ በሥዕል መኖር፦ ከአቡጀዲው እስከ ውሉ

ጎንደር ውስጥ መሣል የሚችል ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው፣ ሥራው ከእጁ ከወጣ በኋላም ጸንቶ የሚቆይለት ሠዓሊ ነው። ጋለሪዎቹ፣ ዐውደ ርዕይ የሚያዘጋጁት ኩሬተሮችና አብዛኞቹ ገዢዎች ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው አዲስ አበባ ወይም ከአገር ውጭ ናቸው። ስለዚህ ሸራው ክረምቱን ሳይሻግት ማለፍ፣ ተጠቅልሎ ሲጓዝ አለመሰንጠቅ፣ ፎቶው ቀለሙን አለመዋሸት፣ ጽሑፉም ሠዓሊው አጠገቡ ቆሞ ካልተረጎመለት የማይገባ አለመሆን አለበት። እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ውስጥ ሥራው ለብቻው መቆም ይኖርበታል። ከጨርቁ እንጀምር፤ ብዙው ጥፋት የሚጀምረው እዚያ ነውና።

ጨርቅና ክፈፍ

በጨርቅ ላይ መሣል ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የምናያቸው ብዙ የግድግዳ ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ዛሬም የፋብሪካ ሸራ ውድ በመሆኑ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በአቡጀዲ ነው። አቡጀዲ ይበቃል፤ ግን ወፍራሙን ምረጡ። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ከጀርባው ጣታችሁን ስታደርጉ ጣቱ ቁልጭ ብሎ ከታየ ጨርቁ ስስ ነው፤ ተዉት። ከዚያ በሙቅ ውሃ እጠቡት። ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች የተቀባ ነው። ሳይታጠብ ከተወጠረ የመጀመሪያው ኮላ ሲነካው ይኮማተርና ክፈፉን ያጣምማል፤ ስታርቹም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለሻጋታ ቀለብ ይሆናል።

ለክፈፉ 4 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የደረቀ ሞራሌ ይሠራል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም በሁለት ወር ውስጥ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ እንጨቱን ገዝታችሁ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጥላ ውስጥ አግድም አስተኝታችሁ አቆዩት። ከ100 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጎን ካለ መሀሉ ላይ ደጋፊ እንጨት አስገቡ። የክፈፉን የፊት ጠርዝ ወደ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስላጩት። ይህን አናጺዎች ካልተነገራቸው አይሠሩትም፤ ካልተሠራ ደግሞ ጨርቁ እንጨቱ ላይ ያርፍና ብሩሽ ባለፈ ቁጥር የክፈፉ መስመር ሥዕሉ ላይ ይታተማል። ቀጥተኛነቱን በስኳድራ ብቻ አትመኑ፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱንም አቅጣጫ በሜትር ለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ክፈፉ ጠማማ ነው።

ስትወጥሩ ከየጎኑ መሀል ጀምሩ፤ አንዱን ጎን ስትመቱ ቀጥሎ ትይዩውን፣ እያፈራረቃችሁ ወደ ማዕዘኖቹ ሂዱ። በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ስቴፕል ይበቃል። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሀሉ ላይ የማይወጣ ሽብሽብ ያተርፋል።

ቀጥሎ ኮላው። 1 እጅ ነጭ ኮላ በ4 እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ሁለተኛውን የምትቀቡት የመጀመሪያው ፈጽሞ ሲደርቅ ነው። በዘይት ቀለም ለሚሠራ ሰው ይህ ግዴታ ነው፤ የተልባ ዘይት ባልተቀባ ጥጥ ውስጥ ሲሰርግ እያደር ክሩን ይሰባብረዋል። በላዩ የሚቀባው ነጭ መደብ እቤት ሲሠራ ይህን ይመስላል፦ ነጭ ኮላ 1 እጅ፣ ውሃ 1 እጅ፣ በወንፊት የተነፋ የጠመኔ ዱቄት 2 እጅ፣ ጥሩ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ግማሽ እጅ። ሦስት ስስ ድርብ ይበቃል፤ አንዱ አግድም፣ አንዱ ቁልቁል፤ በየመካከሉ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት።

እዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች እየተደጋገሙ ይታያሉ። አንዱ በጠመኔ ፈንታ የግንበኛ ጀሶ መጨመር ነው። ጀሶ ውሃ ሲነካው የሚረጋ ነገር ነው፤ ባልዲው ውስጥ ይጠጥራል ወይም ሸራው ላይ ጠጠር ይሆናል። ሁለተኛው ኖራ ነው፤ ኖራ አንዳንድ ቀለሞችን ይበላል፣ በተለይ ሰማያዊዎችን። ሦስተኛው ርካሽ የግድግዳ ቀለም ብቻውን መቀባት ነው። ዱቄቱ ብዙ፣ ማጣበቂያው ጥቂት ስለሆነ በጣት ሲያሹት ነጭ ይለቃል፤ እርሱ ሲለቅ በላዩ የተሣለውም አብሮ ይሄዳል። ኮላውን ያሳነሰ ሰው መደቡ ይረግፍበታል፤ ጠመኔውን ያበዛ ሰው ሥዕሉ ሲጠቀለል ይሰነጠቅበታል። ለመፈተን ከሸራው ጋር አንድ ቁራጭ አቡጀዲ አብራችሁ ቀቡና ከሁለት ቀን በኋላ እርሳስ ላይ ጠቅልሉት። ከተሰነጠቀ ለሚቀጥለው ቅባት ኮላ ጨምሩ።

ቀለም፣ ክረምትና ብርሃን

በአክሪሊክ ላይ የዘይት ቀለም ይሄዳል፤ በዘይት ላይ አክሪሊክ አይሄድም፣ ይላጣል። በዘይት ስትሠሩ የመጀመሪያውን ድርብ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አቅጥኑ፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አኳራጁን እየቀነሳችሁ ዘይቱን ጨምሩ። ከሥር ዘይት የበዛበት፣ ከላይ የቀጠነ ሥዕል ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ቫርኒሽ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት አይቀባም። ገዢው ቸኩሎ ቢለምንም አይቀባም።

ከገበያ ተልባ እቤት የተጨመቀ ዘይት የሚሞክሩ አሉ። ያልተጣራ ስለሆነ ዘግይቶ ይደርቃል፤ ነጩንም ቶሎ ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ሌላም አደጋ አለ፤ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨባብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊነድ ይችላል። አጥባችሁ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ከዕቃ መደብሮች የሚገኙት ርካሽ ቀለሞች ውስጥ በተለይ ሮዝ፣ ሐምራዊና አንዳንድ ብርቱካናማዎች በፀሐይ ይጠፋሉ። መለያው ላይ ያለውን ቃል ከማመን መፈተን ይሻላል፦ እያንዳንዱን ቀለም በአንድ ካርቶን ላይ እንደ መቀነት ቀቡ፣ ግማሹን በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኑ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለሁለት ወር ተዉት። ፎይሉን ስታነሡ መስመር ካያችሁ ያ ቀለም ለሽያጭ ሥራ አይሆንም።

ክረምት ላይ ሸራ ይረግባል፤ ዘይት ለመድረቅ ይለግማል። ሥራችሁን በዚያ መሠረት ከፋፍሉት፦ ትልልቅ ሸራ መወጠርና መደብ መቀባት በበጋ፣ ረቂቅ፣ ወረቀት ላይ ሥራና ጽሕፈት በክረምት። የተጠናቀቁ ሥዕሎችን ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር አርቁ፣ ከወለሉ በጣውላ አንሡ፤ በፕላስቲክ አትሸፍኗቸው። ፕላስቲክ እርጥበቱን ይዞ ያስቀራል፤ ሻጋታው መጀመሪያ የሚታየው ከጀርባ ነው።

ስለ ስቱዲዮ የሚጻፈው ሁሉ ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት ይመክራል። ምክሩ የመጣው ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ከምትሄድባቸው አገሮች ነው። ጎንደር ያለችው በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ኬክሮስ ላይ ስለሆነ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ስለዚህ ግንቦት ላይ የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ጨረር ያስገባል፤ ደመናው እስኪመጣ ድረስ ነጭ ስስ ነጠላ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት መጋረድ ያስፈልጋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ግን የሰሜን መስኮት እንከን የለውም። ማታ ለሚሠራ ሰው የሁሉም አምፖል ቀለም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቢጫ አምፖል ሥር የተመረጠ ሰማያዊ ጠዋት ሲያዩት ሌላ ሰማያዊ ነው።

ሐሳቡ ሲቀድም

በኮንሴፕቹዋል አርት ሐሳቡ ይቀድማል፤ ቁሱ ይከተለዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1917 የሽንት መሽኛ ሸክላ ለዐውደ ርዕይ ሲልክ፣ አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮሱትም በ1965 አንድ ወንበር፣ የወንበሩን ፎቶና የ«ወንበር»ን የመዝገበ ቃላት ፍቺ ጎን ለጎን ሲያቆም የእጅ ጥበብ ማሳየት አልነበረም ፍላጎታቸው። ሶል ለዊት ደግሞ የግድግዳ ሥዕሎቹን በመመሪያና በምስክር ወረቀት መልክ ይሸጥ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የሚሥሉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኤልያስ ስሜ የተጣሉ የኮምፒውተር ክፍሎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦን እየጠለፈ ሰፋፊ ሥራዎች ይሠራል። ጨርቁን ረሳው ማለት አይደለም፤ ሐሳቡ የጠየቀው ያንን ቁስ ነው።

ልምምዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ፦ ሥራው ምን ያደርጋል? «ስለ ፍልሰት ነው» አይበቃም፤ ያ ርዕስ ነው። «ተመልካቹ በማይከፈት ሻንጣ ላይ ተቀምጦ የአውቶቡስ ጥሪ ያዳምጣል» ሥራ ነው። ከዚያ ቁሱን አንድ በአንድ አውጡና ጠይቁ፦ ይህ ቢወጣ ሐሳቡ ይጎድላል? ካልጎደለ ያ ነገር ጌጥ ነው፤ ይውጣ።

አንድ ምሳሌ ከዚሁ ከተማ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1932 የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ የተባለው የፈረንሳይ ቡድን የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ፤ በቦታቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተተኩ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚሥለው ባዶ ግድግዳ ፊት የሚያለቅስ ሽማግሌ ነው። ያ ሥዕል ተመልካቹ ምን እንዲሰማው ያዘዋል፤ ምንም እንዲያስብ ግን አይጠይቀውም። ሌላው መንገድ፦ የተወሰደውን አንድ ሥዕል ልኬት ከታተመ መረጃ ፈልጎ፣ በዚያው ልክ አቡጀዲ ቆርጦ፣ ኮላ ብቻ ቀብቶ፣ ሳይሣሉበት መስቀል። ወይም ከቅጂው ላይ ቅጂ ማስቀዳት፣ ከዚያም ላይ ሌላ፣ አምስት ሠዓሊ በተራ፣ አንዱ የሌላውን ብቻ እያየ። እዚህ ላይ ቁሱ፣ ልኬቱና ድርጊቱ ራሳቸው ይናገራሉ።

ቁስ ስትመርጡ ጠባዩን እወቁ። የጎንደር አጠገቧ የወለቃ መንደር ሸክላ በዝቅተኛ ሙቀት፣ በሜዳ እሳት የሚተኮስ ስለሆነ ቀላልና ውብ ነው፤ ግን ውሃ ይመጥጣል፣ በቶሎ ይሸረፋል። 300 ስኒ የሚፈልግ ሥራ ካላችሁ 340 እዘዙ፤ ስኒ በስኒ ውስጥ አትደራርቡ፣ በገለባ ለዩ። ብራና እርጥበትን እየሳበ ይተነፍሳል፤ በክፈፍ ካልተወጠረ ክረምት ይጨማደዳል፤ ውሃ የበዛበት ቀለም ቦታ ቦታውን ያኮማትረዋል። ቪዲዮ ወይም ድምፅ ካለበት መብራት እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ አስቡ፦ ማጫወቻው መብራቱ ሲመለስ ያለ ሰው እጅ ከመጀመሪያው የሚነሣ ይሁን፣ ፋይሉም በሁለት ፍላሽ ይቀመጥ።

እያንዳንዱ ኢንስታሌሽን፣ ማለትም ቦታ ይዞ የሚተከል ሥራ፣ አንድ ሁለት ገጽ የመትከያ ወረቀት ይኑረው፦ የዕቃ ዝርዝር ከቁጥሩ ጋር፣ ወለልና ግድግዳ በሴንቲ ሜትር የተለካበት ንድፍ፣ የመትከያ ቅደም ተከተል፣ ቢሰበር ምን በምን እንደሚተካ፣ የማይተካውም የትኛው እንደሆነ። ወረቀቱን ሥራውን አይቶት ለማያውቅ ጓደኛ ስጡትና ዝም ብላችሁ እዩት። ጥያቄ የጠየቀበት ቦታ ሁሉ ያልተጻፈ ነገር አለ። ይህ ወረቀት፣ ሥራው የእናንተ መሆኑን ከሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት ጋር ሆኖ፣ የሚሸጠው ነገር ራሱ ነው፤ ያለ እርሱ ገዢው የገዛው ጭነት ብቻ ነው።

ሥራው በአደባባይ የሚደረግ ፐርፎርማንስ (በሰው ድርጊት የሚቀርብ ሥራ) ከሆነ ለቀበሌውና ለፖሊስ አስቀድሞ ደብዳቤ ይገባል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሰው ብዛቱና የድምፅ መሣሪያ መኖር አለመኖሩ ተጽፎ። ፋሲል ግቢና የፋሲል መዋኛ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስፍራ አካል ናቸው፤ የቅርስ አስተዳደሩ ፈቃድ ሳይኖር ምንም አይተከልም፤ ፈቃድ ቢኖርም ሚስማር፣ ቴፕ፣ ኮላና ሻማ ግድግዳውን አይነኩም። ራሱን ችሎ የሚቆም መዋቅር ይዛችሁ ቅረቡ፤ የፈቃድ ንግግሩም በግማሽ ያጥራል።

ፎቶ፣ መዝገብና ጽሑፍ

አንድ ደብተር ወይም የኤክሴል ሠንጠረዥ ዛሬ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ሥራ፦ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ቁስ፣ ቁመት በስፋት በሴንቲ ሜትር፣ ዋጋ፣ አሁን የት እንዳለ፣ ለማን መቼ እንደተሰጠ። ቁጥሩን ከሸራው ጀርባ በእርሳስ ጻፉ፤ በማርከር የተጻፈ በቀጭን አቡጀዲ በኩል ወደ ፊት ይሰርጋል። ቁመት ሁልጊዜ ይቀድማል። ዓመቱ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ለዩ፤ ካልተለየ በሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት የሥራው ዕድሜ ምስጢር ይሆናል።

ፎቶ ለማንሣት ደመናማ ቀን ከአምፖል ይሻላል። ሥዕሉን ጥላ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ የካሜራው ወይም የስልኩ ሌንስ ከሥዕሉ መሀል ጋር እኩል ቁመት ላይ ይሁን፤ ስልኩን አትጠጉ፣ ራቅ ብላችሁ ሁለት እጥፍ አጉሉ፤ ቅርብ ሆኖ ሰፊ ሌንስ ጎኖቹን ያጎብጣል። ስልኩ ራሱ የሚጨምረውን የቀለም ማስዋቢያ አጥፉ። አንድ ነጭ ወረቀት በጎን አቁማችሁ አንሡና ነጩን በእርሱ አስተካክሉ። አምፖል ግድ ከሆነ ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ። ረጅሙ ጎን 3,000 ፒክስል የሆነ ዋና ቅጂ፣ 1,500 የሆነ ለኢሜይል የሚሄድ ቅጂ ያዙ። የፋይሉ ስም «IMG» ሳይሆን ስም፣ ርዕስና ዓመት ይሁን። ከሥዕሉ ሙሉ ፎቶ ሌላ አንድ የቅርብ ዝርዝር፣ አንድ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ልኩን የሚያሳይ ያስፈልጋል።

ሁሉንም በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ኢንተርኔት የማይፈልግ ሃርድ ዲስክ ይሁን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ አይነገረውም። ማመልከቻም ሲኖር የማስረከቢያው ዕለት ሳይሆን አሥር ቀን ቀድሞ ይላክ።

የሠዓሊው መግለጫ ከ120 እስከ 180 ቃል ይበቃዋል። ምን ትሠራላችሁ፣ በምን፣ እንዴት፣ ለምን በዚያ ቁስ፤ በቃ። «ሥራዬ ሰምና ወርቅ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ይቅር። ከቅኔው አገር የመጣ ሰው ሁሉ ይጽፈዋል፤ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ያሳየ ግን ጥቂት ነው። ሲቪው አንድ ገጽ፤ ትምህርት፣ የግል ዐውደ ርዕይ፣ የቡድን ዐውደ ርዕይ፣ ረዚደንሲ (ለተወሰነ ጊዜ በሌላ ተቋም ተጋብዞ መሥራት)፣ በቅደም ተከተል ከአዲሱ ወደ አሮጌው። ፖርትፎሊዮ ከ10 እስከ 15 ሥራ፤ ከአራት ዓመት በላይ የቆየ ሥራ ጥሩ ምክንያት ካልኖረው አይግባ። አርባ ሥዕል የላከ ሰው ምርጫውን ለሌላው ትቶለታል።

ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ይህ ሁሉ ይመለከተዋል ወይ? አዎ፣ እንዲያውም ይበልጥ። በአዲስ አበባ የሚገኘውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ካቋቋሙት ወዲህ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረውበታል፤ የዛሬዎቹም ብዙዎች ከዚያ ወጥተዋል። ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የቬኒስ ቢየናሌ ዐውደ ርዕይ ላይ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ፓቪሊዮን (የአገር ማሳያ ክፍል) ሲይዝ መንገዱ ያለፈው በዚያ ትምህርት ቤትና በጀርመኗ ሽቱትጋርት ነው። ትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው ትልቁ ነገር ግን አብሮ የሚተች ሰው ነው። ጎንደር ላይ ያንን በእጅ መሥራት ይቻላል፦ አራት አምስት ሠዓሊ፣ በወር አንድ ቀን፣ ያላለቀ ሥራ ይዞ መጥቶ ለሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ መስማት።

ዋጋ

ዋጋ በስሜት አይወጣም። ቀላሉ ዘዴ ቁመትና ስፋትን ደምሮ በአንድ ቁጥር ማባዛት ነው። ለማሳያ ብቻ ቁጥሩን 150 ብር እናድርገው፦ 80 በ100 የሆነ ሥዕል 180 በ150፣ ማለትም 27,000 ብር፤ 40 በ50 የሆነው 90 በ150፣ ማለትም 13,500 ብር። በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብታሰሉ ኖሮ ትንሹ የትልቁ አንድ አራተኛ ይሆን ነበር፤ ድካሙ ግን አንድ አራተኛ አይደለም። ማባዣውን ስትወስኑ ወደ ኋላ አስሉ፦ ከትልቁ ሥዕል 27,000 ጋለሪው ግማሹን ይወስዳል፣ ከቀረው 13,500 ላይ ጨርቅ፣ ክፈፍ፣ ቀለምና መጓጓዣ ይቀነሳል፣ የተረፈው ለሠራችሁባቸው ቀናት ይካፈል። የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው ካነሰ ማባዣው ተሳስቷል።

ስቱዲዮ የመጣ ሰው በጋለሪው ዋጋ ይግዛ። በጓሮ በግማሽ የሸጠ ሠዓሊ ወሬው በሳምንት ጋለሪው ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚደውልለት የለም። ቅናሽ ካስፈለገ እስከ 10 በመቶ፣ እርሱም ሁለትና ከዚያ በላይ ለሚገዛ። ዋጋ ቀስ እያለ ይጨምራል እንጂ ተሰቅሎ አይወርድም። ፎቶና ኅትመት ከሆነ ብዛቱን አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ለምሳሌ 5 ቅጂና 2 የሠዓሊው፤ «3/5» ብላችሁ ፈርሙ፤ ከእነዚህ ሌላ ቅጂ መቼም አይታተምም።

ለቱሪስት የሚሸጡ ትንንሽ ሥዕሎችን የሚሠራ ሰው አይናቅም፤ የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው። ነገር ግን በሌላ ፊርማ ወይም ያለ ፊርማ ይሁኑ፤ ከዋናው ሥራ ጋር በአንድ ገጽ ላይ አይቅረቡ። በክልሉ ግጭት የጎብኚው ቁጥር ሲወርድ በእነርሱ ብቻ የቆመ ሰው ምን እንደገጠመው ከተማው አይቷል።

ዐውደ ርዕይ፣ ውልና መብት

ጎንደር ላይ ለማሳየት የተሻለው ጊዜ የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ከጥር 10 እስከ 12 ከተማው እንግዳ ይሞላል። የሆቴል አዳራሽ፣ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ወይም ፒያሳ አካባቢ ያለ ካፌ ለመያዝ ጥቅምት ላይ መጀመር ያስፈልጋል። የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዋል። መግለጫ ካርዱ በአማርኛ ይቅደም።

ጋለሪ ሥራ ሲወስድ የአደራ ውል ይፈረም። ውስጡ ሊኖሩ የሚገባቸው፦ የሥራዎቹ ዝርዝር ከዋጋቸው ጋር፣ የጋለሪው ድርሻ፣ ሥራው የሚቆይበት ጊዜ፣ ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል፣ መመለሻ መጓጓዣው የማን እንደሆነ። ለክፍያው ሠላሳ ቀን ምክንያታዊ ነው። «እንተዋወቃለን» ብሎ ያለ ወረቀት የወጣ ሸራ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ሲለመን ነው።

በትእዛዝ ሥራ ግማሹ በቅድሚያ ይከፈል፤ ቅድመ ክፍያው ሳይገባ ሸራ አይወጠር። ረቂቅ ሁለት ጊዜ ማሻሻል በዋጋው ውስጥ ነው፣ ሦስተኛው በተጨማሪ ክፍያ። አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው የቅጂ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ለመጠበቅም ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሆኖም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአዛዡ ይሆናል። ስለዚህ ሆቴሉ ያሠራችሁን የግድግዳ ሥዕል በኋላ በካላንደርና በቲሸርት እንዳያትመው ካልፈለጋችሁ፣ «የቅጂ መብቱ የሠዓሊው ነው» የሚል አንድ መስመር ከመፈረማችሁ በፊት አስገቡ። ሸራውን መሸጥ የማባዛት መብቱን መሸጥ አይደለም፤ ይህንንም ደረሰኙ ላይ ጻፉት። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ተቋማትና ድርጅቶች ያለ ደረሰኝ አይገዙም።

ማጓጓዝ

ሥዕል የሚጠቀለለው ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ነው። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ይጨመቅና ሲፈታ ይሸበሸባል። ቱቦው ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ጥሩ ነው። ቀለሙ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉ፤ አክሪሊክ በሙቀት ከፕላስቲክ ጋር ይጣበቃልና ላስቲክ አይንካው። ዘይት ቢያንስ ሦስት ወር ሳይሞላው አይጠቀለል። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከመጫን ከሚሄድ ሰው ጋር በእጅ መላክ ወይም በአውሮፕላን ጭነት ማሳለፍ ይሻላል፤ ጣሪያው ላይ ፀሐይም ዝናብም አለ።

ገዢው ከአገር የሚያወጣው ከሆነ ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገዋል። የቅርስ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በብራና የተሠራ ወይም በጥንቱ አሳሳል የተሣለ አዲስ ሥራ ደግሞ ቦሌ ላይ ፈታሹን ሊያጠራጥር ይችላል። ሠዓሊው፣ ርዕሱ፣ ዓመቱ፣ ልኬቱና ዋጋው ያለበት ፊርማና ማኅተም ያለው ደረሰኝ ከፎቶ ጋር ስጡት፤ የመውጫ ማረጋገጫውንም ከበረራው ቀናት ቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣን እንዲያወጣ ንገሩት። ሥዕልን በእንጨት ጭስ እያጠቆሩ «አሮጌ» ማስመሰል ገበያ ላይ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ገዢውን ችግር ውስጥ ይከታል፣ ሠዓሊውንም ያስጠይቃል።

ጥሪዎችና ወጥመዶች

ረዚደንሲና ቢየናሌ ሲጠሩ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር አንብቡ፦ ጉዞውን ማን ይከፍላል፣ የተሠራው ሥራ የማን ይሆናል፣ ለቪዛ የጥሪ ደብዳቤ ይሰጣሉ ወይ። ትንሽ የማመልከቻ ክፍያ አንዳንድ ጊዜ ያጋጥማል፤ «ተመርጠሃል፣ የግድግዳ ቦታ ለመያዝ ይህን ያህል ዩሮ ላክ» የሚል ግን ጋለሪ ሳይሆን ቦታ አከራይ ነው፤ እዚያ ያሳየ ሰው በሲቪው ላይ የሚያተርፈው የለም።

ሌላው በኢሜይል የሚመጣው «ገዢ» ነው። ሥዕሉን ልኩን እንኳ ሳይጠይቅ ይገዛል፤ ባለቤቱ በጣም እንደወደደችው ይጽፋል፤ ከዋጋው የበለጠ ቼክ ይልክና ትርፉን ለእርሱ «አጓጓዥ» እንድታስተላልፉ ይጠይቃል። ቼኩ ከሳምንታት በኋላ ውድቅ ይሆናል፤ የላካችሁት ገንዘብ ግን ሄዷል። ገንዘቡ በባንክ ሒሳባችሁ ገብቶ ባንኩ ራሱ ሳያረጋግጥላችሁ ሥዕል ከክፍሉ አይውጣ፤ ለገዢ አጓጓዥም በምንም ምክንያት ገንዘብ አትክፈሉ።